ሁለተኛ የወጡት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የክፍል ለክፍል ሩጫ ነው። ርቀቱ 1500 ሜትር፣ መስመሩ በኖራ የተሰመረ፣ ሜዳው አቧራ፤ የግራናን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለት ልጆች ከመነሻው ጀምሮ ተያይዘው ሄዱ። መጨረሻ ላይ አንዱ በአንድ እርምጃ ቀደመ። የቀደመው ዞሮ እጁን ዘረጋ። ሁለተኛ የወጣው ግን እጁን ሳይሰጠው አልፎት ሄደ፤ ደረቱ ላይ የለጠፍንለትን የቁጥር ወረቀት ቦጭቆ ጣለው። ጠርቼ «ምነው?» ስለው፣ «ቲቸር፣ ሁለተኛ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ የወጣን ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው የምመልስለት አጣሁ። «ስፖርታዊ ጨዋነት ይኑርህ» ማለት ቀላል ነው። ሁላችንም ስንባል ያደግነው ነው። ልጁ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ መውጣት ዋጋ ከሌለው፣ ዋጋ ያሳጣኝን ሰው እጁን ለምን ልጨብጥ ነው ያለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱን ፍለጋ ማታ ማታ የአትሌቲክሳችንን ታሪክ ስፈትሽ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ለእሱም ለእናንተም እነሆ።

ከጥንት ልጀምር። የእኛ ሰው ጨዋታና ጠብን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ገና ጨዋታን ውሰዱ። ዓመቱን ሙሉ አጎንብሶ እጅ ሲነሳ የከረመው ባላገር በዚያ ቀን ዱላውን ይዞ ከጌታው ጋር ሩር ይጋፋል። የተመታ ይመታል፣ የወደቀ ይወድቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ጨዋታው የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ የሚሰበር እጅና እግር ነበረ። ግን ቂሙ ከሜዳው አይወጣም። ስፖርታዊ ጨዋነት ከፈረንጅ የመጣብን ትምህርት አይደለም ለማለት ነው።

ሩጫ ግን ገና ጨዋታ ያልነበረውን አንድ ነገር ይዞ መጣ። ሰዓት። በገና ጨዋታ ወይ ታሸንፋለህ ወይ ትሸነፋለህ። በሩጫ ግን ሁለት ሚዛን አለ። አንደኛው ደረጃ ነው፤ ስንተኛ ወጣህ? ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ከትናንትናው አንተ ጋር ስትነጻጸር የት ደረስክ? የመጀመሪያው ሚዛን ግማሹ በሰው እጅ ነው። ሁለተኛው በአንተ። ልጁ በእጁ የነበረው አንዱ ሚዛን ብቻ ነው። ታሪካችን ውስጥ ያገኘኋቸው ታላላቆች ግን ሁለቱንም ይዘው ነው የሮጡት።

መቼም ከአበበ ቢቂላ ሳይጀመር አይሆንም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ሁለተኛ የወጣው ሰው ነው፤ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ለአበበ ከሚጠነቀቃቸው ሯጮች አንዱ 26 ቁጥር የለበሰው ራዲ መሆኑን ነግረውት ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን የለበሰው 185 ቁጥር ነው። አበበ ታዲያ 26 ቁጥርን ፊት ለፊት እየፈለገ፣ አጠገቡ ካለው 185 ቁጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ሲሮጥ አመሸ። የሚፈራው ሰው አጠገቡ እንዳለ አላወቀም። የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ሲደርስ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ይሄን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ይስቃሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ራዲ አጠገቡ ባይኖር አበበ ያንን ሰዓት ይሮጥ ነበር? ያ ሰዓት በወቅቱ በዓለም በማራቶን ከተሮጡት ሁሉ ፈጣኑ ነው። ብቻህን ስትሮጥ እግርህ ራሱ ይለግማል። ተፎካካሪ የምትለው ሰው ለካ ጉልበትህን ከውስጥህ ጎትቶ የሚያወጣልህ ሰው ነው። እንደ ጠላት ያየኸው እሱ ግማሽ አሠልጣኝህ ነው።

ቀጥሎ ማሞ ወልዴ። የማሞን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው መሰላል ነው የሚመስለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ማሞ እዚያ 800 እና 1500 ሜትር፣ በዚያ ላይ የዱላ ቅብብል ሮጦ ከማጣሪያ አላለፈም። ሮም አልሄደም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ። አራተኛ ማለት እንግዲህ ሜዳልያ ለጥቂት ያመለጠው ማለት ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ6 አሥረኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። አስቡት፣ 12 ዓመት ለፍቶ ወርቁ በዓይን ጥቅሻ አመለጠው። የኔ ተማሪ ቢሆን የቁጥሩን ወረቀት ቦጭቆ ይጥል ነበር። ማሞ ግን በሳምንቱ፣ ጥቅምት 10፣ ማራቶን መነሻ መስመር ላይ ቆመ። አበበ እግሩን ታሞ ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲያቋርጥ ኃላፊነቱ በማሞ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ተከታዩን ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በላይ ርቆ ወርቁን አመጣ።

እዚህ ላይ አላበቃም። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ማሞ በ40 ዓመቱ እንደገና ማራቶን ሮጠ። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ ከሮም ድል ልክ 12 ዓመት በኋላ። ሦስተኛ ወጣ። ሰዓቱ 2:15:08። አሁን ሰዓቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ያገኘበት 2:20:26 ነው። ሙኒክ ላይ ነሐስ ያገኘበት ከዚያ በ5 ደቂቃ ይፈጥናል። ከዚያም አልፎ አበበ ሮም ላይ ወርቅ ካገኘበት ሰዓት በ8 ሰከንድ ይሻላል። እርግጥ ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ማራቶን ደግሞ መንገዱ ለየቅል ስለሆነ ሰዓት ከሰዓት እንዲሁ አይለካም። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። በደረጃው ሚዛን ማሞ ወረደ። በሰዓቱ ሚዛን ግን የ40 ዓመቱ ማሞ የ36 ዓመቱን ማሞ አልፎታል።

አበበም ቢሆን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ብዙ ሰው አይጨርሰውም። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በሁለት ኦሊምፒክ ዓለምን የቀደመ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ይቀረዋል ትላላችሁ? በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንደቪል በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ተወዳደረ። ቀስት! ጀማሪ ሆኖ፣ ስሙን ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ ከዜሮ። በደረጃ ብቻ ራሱን የሚለካ ሰው ይሄን አያደርግም፤ ያፍራላ።

እሺ፣ ወደ ደራርቱ እንምጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ባርሴሎና፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ ያየሁት በኋላ በቪዲዮ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከሮም በኋላ ታግዳ ቆይታ ከ32 ዓመት በኋላ መመለሷ ነው። ነጯ ኤለና ሜየር መሪነቱን ይዛ ትጎትታለች፤ የ20 ዓመቷ ደራርቱ ከኋላዋ ተለጥፋለች። ሜየር «አንቺም ምሪ» ብላ ገለል ስትልላት ደራርቱ እምቢ አለች። ከኋላ ሆና ጠብቃ የመጨረሻውን ዙር ተፈተለከች፤ በ5 ሰከንድ ከምናምን አሸነፈች። ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ከዚያ ምን አደረገች? መስመሩን አልፋ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ጥቁርና ነጭ፣ አንደኛና ሁለተኛ፣ አብረው ሲዞሩ ዓለም ቆሞ አጨበጨበ።

ተማሪዎቼ አንዴ «ቲቸር፣ ጨዋ ከሆነች ለምን አልመራችላትም?» ብለውኝ ያውቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፖርታዊ ጨዋነት ማለት ውድድሩን ማላላት አይደለም። ደራርቱ ደንቡ የፈቀደላትን ሁሉ ተጠቅማ፣ ምንም ሳታዝን፣ እስከ መስመሩ ድረስ ታገለች። ብትለቅላት ኖሮ ሜየርን መናቅ ይሆን ነበር። ጨዋነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ከመስመሩ በፊት በደንቡ መሠረት ያለህን ሁሉ መስጠት፣ ከመስመሩ በኋላ እጅ መዘርጋት። ልክ እንደ ገና ጨዋታው።

ይህችው ደራርቱ ከ17 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ኒውዮርክ ማራቶን ላይ፣ በ37 ዓመቷ፣ እንግሊዛዊቷ የዓለም ባለክብረ ወሰን ፖላ ራድክሊፍ ስትዝል አይታ እያበረታታች ስትጎትታት ታየች። ራድክሊፍ አልቻለችም፣ ቀረች። ደራርቱ አሸነፈች። ሰው ማበረታታቷ ድሏን አልቀነሰባትም።

አሁን ደግሞ ኃይሌና ቴርጋት። ይሄንን የኔ ዕድሜ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ 1988 አትላንታ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው። በ1989 ዓ.ም. ቴርጋት የኃይሌን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ ኃይሌ መልሶ ወሰደው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ። ከ25 ዙር በኋላ ሁለቱ ደረት ለደረት ተያይዘው መጡ። ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ! በዚያው ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛና ሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይሰፋል። 10 ሺህ ሜትር ሮጠው ማለት ነው።

ቴርጋት እንደኔ ተማሪ «ሁለተኛን ማን ያውቀዋል» ብሎ ቢያቆም ይፈረድበት ነበር? ግን አላቆመም። ወደ ማራቶን ዞሮ በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በርሊን ላይ 2:04:55 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ኃይሌ ደግሞ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየሙን በተቀበልን በ18ኛው ቀን፣ እዚያው በርሊን 2:04:26 ገባ። የመጀመሪያ ነገሩ ምን ሆነ? ክብረ ወሰኑን ስለወሰደበት ወዳጁን ቴርጋትን ይቅርታ ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች አሥር ዓመት አንዱ ሌላውን ሲያሳድዱ ኖረዋል። አንደኛው ባይኖር ሌላኛው ግማሹን አይሆንም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሰው ደረስኩ። ስለሺ ስህንን ስንቶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ? የሸኖው ልጅ። ልጁ «ሁለተኛ የወጣን ማን ያውቀዋል?» ሲለኝ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው ስለሺ ነበር።

የስለሺን ዝርዝር እዩልኝ። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ኦሊምፒክ፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ብር። በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ብር። እዚያው ሄልሲንኪ፣ 5 ሺህ ሜትር፣ ብር። በ1999 ዓ.ም. ኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ብር። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ 10 ሺህ ሜትር፣ ብር። አምስት ብር! በአራቱ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜዎች ፊቱ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ። ሄልሲንኪ ላይ የለያያቸው ግማሽ ሰከንድ ነው። በኦሊምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም ወርቁ አንድም ቀን ወደ ስለሺ አልመጣም።

አሁን ሁለተኛውን ሚዛን አውጡ። ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳ 27:01.17፣ ስለሺ 27:02.77 ገቡ። የስለሺን ሰዓት ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ወርቅ ያገኘው በ27:18.20። ኃይሌ አትላንታ ላይ ወርቅ ያገኘው በ27:07.34። ቀነኒሳ ራሱ አቴንስ ላይ ወርቅ ያገኘው በ27:05.10፤ ያም እስከ ቤጂንግ ድረስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነበር። ስለሺ በብር ሜዳልያው ሰዓት ከእሱ በፊት የነበሩትን የኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቆች በሙሉ አልፏል። በእርግጥ እያንዳንዱ ውድድር የራሱ ፍጥነትና ስልት አለው፣ «እዚያ ቢሮጥ ያሸንፍ ነበር» ብዬ አልምልላችሁም። የምለው ይሄ ነው፤ ስለሺ በዚያን ቀን ከአቴንሱ ስለሺ ከ6 ሰከንድ በላይ ይፈጥናል። እሱ የሚችለውን ሠርቷል። ከፊቱ ቀነኒሳ መኖሩ የእሱ ጥፋት አይደለም።

ስለ አቴንስ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ኃይሌ የተረከዙን ጅማት ታሞ ነው የሮጠው። ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ነበር ግቡ። ውድድሩ መሐል ላይ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ሁለቱ ወጣቶች፣ ቀነኒሳና ስለሺ፣ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁት ነበር። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ! ኃይሌ እየታገለ ደረሰባቸው፣ በኋላ ግን እግሩ እምቢ አለው፤ አምስተኛ ወጣ። ነሐሱን ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ወሰደ፤ ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ። እንግዲህ ስለሺን አስቡት። ዕድሜው ገና ሃያ አንድ ገደማ፣ የመጀመሪያ ኦሊምፒኩ፣ ወርቅ ለማግኘት ለፍቶ የመጣ ልጅ ነው። ዞሮ ታላቁን ጠበቀ። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ ነው ብዬ የማልፍበት አንጀት የለኝም።

ስለሺ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ደራርቱን ተክቶ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የባርሴሎናዋ አንደኛ ወንበሩን ያስረከበችው ለአምስት ጊዜው ሁለተኛ ነው። «ሁለተኛን ማን ያውቀዋል?» ላለው ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ለታላላቆቹ ነው፤ የዛሬ አትሌት እንጀራው ነው፣ ሁለተኛ የሚያበላ አይደለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። አበበና ማሞ ወታደሮች ነበሩ፤ በዘመናቸው ኦሊምፒያን በሩጫው ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። የዓለም ሻምፒዮና ለአሸናፊዎች የገንዘብ ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የዓለሙ ፌዴሬሽን «አማተር» የሚለውን ቃል ከስሙ ያወጣው በ1993 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አንድ ሰከንድ የቤት ኪራይ ነው፣ የቤተሰብ ዳቦ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ፈተናውንም ይዞ መጣ። ዕድሜ የሚቀንስ አለ፣ የተከለከለ መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ከእኛም አገር ሯጮች የታገዱ አሉ፣ መሸፋፈን አይጠቅምም።

ግን ልብ በሉ። መድኃኒት የወሰደ ሰው የሰረቀው የተፎካካሪውን ሜዳልያ ብቻ አይደለም። የራሱንም ሰዓት ሰርቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እኔ ምን ያህል እችላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው የለም። ሁለተኛውን ሚዛን በገዛ እጁ ሰበረ። ስለዚህ ስፖርታዊ ጨዋነትና የራስ ግብ ሁለት የተለያዩ ምክሮች አይመስሉኝም። ግቡን በራሱ ሚዛን ያስቀመጠ ሰው የሌላውን እጅ ለመጨበጥ አይቸገርም፤ ያ ሰው ምንም አልወሰደበትምና። ግቡ «እገሌን መቅደም» ብቻ የሆነ ሰው ግን እገሌ ሲቀድመው ባዶውን ይቀራል። ባዶ የቀረ ሰው ደግሞ ወይ ይጣላል፣ ወይ ያጭበረብራል፣ ወይ ያቆማል።

በዚህ ላይ ከመቶ ሯጭ ዘጠና ምናምኑ አማተር ነው። ኃይሌና ጓደኞቹ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁን ሩጫ ሲጀምሩ 10 ሺህ ሰው ነው አዲስ አበባ ላይ የወጣው። ወንዶቹን ራሱ ኃይሌ አሸነፈ፣ ሴቶቹን ብርሃኔ አደሬ። የቀሩትስ? ማሸነፍ አስበው ነው የወጡት? አይደለም። አንዱ ሳያቋርጥ ለመጨረስ፣ ሌላው ከሰዓት በታች ለመግባት፣ ሌላው ከስኳር በሽታው ለመታገል። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ቁጥሩ ከያኔው በብዙ ጨምሯል። ሰው አንደኛ የማይወጣበትን ሩጫ በገዛ ብሩ ከፍሎ የሚሮጠው ሁለተኛው ሚዛን ስላለ ነው። ወልዲያም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ያን የመሰለ ስታዲየም አላት። አንድ ቀን የሐብሩም፣ የመርሳም፣ የግራናም ልጅ መም ላይ ሲሮጥ እናያለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው ኖራና አቧራ ይበቃናል፤ ሰዓት እንደሆነ ስልካችን ላይ አለ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ማታ ሰዓት የምመዘግብበትን ደብተር አወጣሁ። ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት በልምምድ የሮጠውን አየሁ፣ የዚያን ቀኑን አየሁ። 11 ሰከንድ አሻሽሏል። በሦስት ሳምንት 11 ሰከንድ! በሕይወቱ ምርጡን ሮጦ ነው ወረቀቱን ቀዶ የጣለው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሰዓቱን እየያዝኩ አንደኛ የወጣውን ብቻ ነው ጮክ ብዬ የምጠራው። በማግስቱ ጠርቼ አሳየሁት። ብዙም አልተናገረ። ደብተሩን ትክ ብሎ አየና «ቲቸር፣ እሱ ባይኖር እኮ እንዲህ አልሮጥም ነበር» አለኝ። እኔ ታሪክ ስፈትሽ የሰነበትኩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። እጁን ይጨብጠው አይጨብጠው አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ ግን ሁለቱ አብረው ልምምድ ሲሠሩ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ትንሽ ቀየርኩ። ከሩጫ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሰዓትና ቀጣይ ግቡን ይጽፋል። ግቡ «አንደኛ መውጣት» እንዲሆን አልፈቅድም፤ ቁጥር መሆን አለበት። ቅርብም መሆን አለበት፣ 3 ሰከንድ፣ 5 ሰከንድ። ከሩጫ በኋላ ሁሉም ከጎኑ የሮጠውን እጁን ይጨብጣል፣ ሰዓት ያሻሻለ ሁሉ ስሙ ይጠራል። መጨረሻ የወጣች ልጅ ስሟ ሲጠራ የነበረውን ፊቷን ብታዩት!

ይሄን የምጽፈው ለሯጮች ብቻ አይደለም፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ይሄን ገጽ እንደምትከታተሉ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ስድስቱ በአንድ ቀን «ወደቃችሁ» ተባለ። የማለፊያ ነጥብ ቀልድ አይደለም፣ ዋጋው እውነተኛ ነው፣ «ምንም አይደለም» ብዬ አልሸነግላችሁም። ግን ከእናንተ መካከል መብራት ጠፍቶ፣ ትምህርት ተቋርጦ፣ ቤተሰብ እያገዘ 28 ከሚያመጣበት ተነስቶ 43 ያመጣ አለ። ያ ልጅ በአንዱ ሚዛን ወድቋል፤ በሌላኛው ሚዛን እኔ ነኝ ያለ ሯጭ ነው። ሁለተኛው ሚዛን እንደሚያድግ ደግሞ ማሞን አይታችሁ ፍረዱ። ከማጣሪያ ያላለፈው በ1949 ነው፣ ወርቁ የመጣው በ1961።

አብሽሩ። የትናንቱን ሰዓታችሁን ጻፉ፣ የነገውን ጻፉ፣ አጠገባችሁ የሚሮጠውን ሰው አክብሩት። 26 ቁጥርን ከፊት ከፊት ስትፈልጉ አጠገባችሁ ያለውን 185 ቁጥር አትርሱ።

እናንተስ? ሁለተኛ ወጥታችሁ የማትረሱት ነገር አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

መልካም ሰንበት።